ምስጉኑ ቤት

የአስካለ ቤት የተመሰገነው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ምስጋናው በግቢው ድምፅ ማጉያ ስለተነገረ ያልሰማ የለም፤ አሳንሰር ውስጥ ያለው ሰማ፣ ጣሪያው ላይ ልብስ የሚያሰጣው ሰማ፣ ምድር ቤቱ በረንዳ ላይ ሽንኩርት የሚገዛው ሰማ። «የወሩ ምስጉን ቤት፣ አንዲት ጭላንጭል ብርሃን ያላባከነው፣ የወይዘሮ አስካለ ወንድይራድ ቤት ነው» አለ ድምፁ፣ ሠርግ የሚጠራ ይመስል እየተቅለሰለሰ።

አስካለ ደስ አላት። ለምን አይላት! ዕድሜዋን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ የሰጧት አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ እሱንም ማየት ስታቆም ለልጇ ሰጠችው። አሁን በስተርጅና፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ሳለች ስሟ በአደባባይ ሲጠራ፣ ፈገግ አለችና ማንም በሌለበት ክፍል «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች። ምን አድርጋ እንደተመሰገነች ግን አልጠየቀችም።

በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ቤት የለም። አምፖሎቹ የምስር ፍሬ ያክላሉ፤ የሚበሉት ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ከምንም የማይቆጠረውን መቁጠር የሚወድ ደግሞ መቼም አይጠፋምና፣ ቤቶቹ ዐይን መከተል ተማሩ። ክፍት ዐይን ባለበት ይበራል፤ ዐይኑ ሲከደን ይከስማል፤ ጀርባ የተሰጠው ግድግዳ ይጨልማል። ሰዉም ለመደው። ልጆች አንዱ ጥግ ላይ አፍጥጠው በማብራት ይጫወታሉ፤ እናቶች «ዐይንህን አታባክን!» እያሉ ይቆጣሉ። ባልና ሚስት ተኳርፈው ሁለቱም ዐይናቸውን ሲጨፍኑ ሳሎኑ ድርግም ይላል፤ ቀድሞ የገለጠ ተሸናፊ ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሴቶቹ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲያለቅሱ ቤቱም አብሯቸው ይጨልማል፣ ቀና ሲሉ ይበራል፣ እንደገና ይጨልማል። ከጊዜ በኋላ ይህም ማንንም አላስገረመም።

አንኳኩቶ መግባትም በዚያው ቀረ። ድሮ ሰው ሲያሰኘው መጥቶ በር ይደበድባል፤ አሁን መስኮት ያያል። ከበራ ሰው አለ፤ ካልበራ ወይ የለም ወይ ተኝቷል። የጨለመ በር ማንኳኳት የተኛ ሰው ላይ ብርድ ልብስ እንደመግፈፍ ነውር ሆነ። ዕድሩም ጥሩምባ ነፊውን ካሰናበተ ቆይቷል፤ የሞት ጥሪ የሚነገረው በየቤቱ ግድግዳ በኩል ነው፣ ያውም የተኛ እንዳይረበሽ መብራት ላለበት ቤት ብቻ።

አስካለ ዐይነ ስውር ናት። የዐይን ግፊት ቀስ እያለ ነው የወሰደባት፤ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ኋላ መሐሉን። ቢሆንም ቤቷ ለዓመታት እንደማንኛውም ቤት ይበራ ነበር። በዚያ ክረምት መገባደጃ ግን ቤቶቹ ሁሉ «ከነዋሪያቸው ጋር ይበልጥ እንዲላመዱ» ተደረገ። የእሷም ተላመደ። ለማታይ ሴት መብራት ምን ያደርግላታል ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ ማብራቱን ተወው። «ቤትዎ ለአኗኗርዎ ተስተካክሏል» ሲላት «ደግ ነው» አለችው። በየእሑዱ ልጇ ቤዛዊት ከአዳማ ትመጣለች፤ ያኔ በልጅቷ ዐይን ቤቱ ቦግ ይላል፣ ሳይመሽ ስትወጣ ይጠፋል። ስለዚህ ጨለማውን ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው የለም። ማየት የሚችል ሲገባ ጨለማው አይገኝም።

የቀረባት ሰው ነው፤ በተለይ የሺመቤት። የሺመቤት ግቢው ማዶ ካለው ህንፃ ትኖራለች፤ መስኮቷ ከአስካለ መስኮት ፊት ለፊት ነው። አንድ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፣ አስካለ ጂኦግራፊ፣ እሷ ሒሳብ። አንዷ የሌላዋን ባል ቀብራለች። አመሻሽ ላይ የሺመቤት ትመጣና የቀኑን ወሬ ትዘረግፋለች፤ ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ልጅ አገባ፣ የቱ አሳንሰር ሰው ይዞ ቆመ። አስካለ ከዐይኗ ይልቅ ይህን ወሬ ብታጣ ይብስባት ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ የሺመቤት ድንገት ቀረች።

አስካለ መጀመሪያ አሟት ይሆናል አለች። ቀጥላ አገር ቤት ወርዳ ይሆናል አለች። ሽንኩርት ሻጯ «ኧረ አሉ፤ ትናንት ጎመን ወሰዱ እኮ» ስትላት ግን ነገሩ ዞረባት። ደህና ሆና ነው የቀረችው! «ምን በድያት ነው?» አለች ቤቷን። «ጥያቄዎን አልተረዳሁም» አላት ቤቷ። እጇ ወደ ስልኩ ይሄድና ይመለሳል። ያኮረፈችው እሷ ናት፤ እሷ ትጀምር! ምስጋናው የመጣው በዚህ መሐል ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን ልብሷን ለውጣ፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል እንግዳ ስትጠብቅ ውላለች። አንድም ሰው ድርሽ አላለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዘንቢሏን ይዛ ሽንኩርት ልትገዛ ወረደች። ሻጯ እየመዘነች «እትዬ የሺ ትንሽ ተጽናኑ ይሆን?» አለቻት።

«ከምኑ?»

የሻጯ እጅ ሲቆም ተሰማት። «ከወንድማቸው ሐዘን ነዋ። አልሰሙም እንዴ?»

የሺመቤት ያላት ወንድም አንድ ነው፤ ጋሽ ማንደፍሮ። የአስካለ ባል ሲሞት ድንኳኑን ያስተከለው፣ ሰልስቱ እስኪያልፍ ከደጅ ሳይጠፋ ወንበር ሲያነሳ ወንበር ሲጥል የነበረው እሱ ነው።

«መቼ?» አለች።

«ሠላሳው እንኳ አልፏል እኮ። እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ሰዉ ግን እርስዎን ሲያማ ነው የከረመው። ለቅሶ እንኳ ሳይደርሱ፣ ይላል።»

ለቅሶ ቀረች! በዚህ ከተማ ሰው በቦታ ቢጣላ ይታረቃል፣ በልጅ ቢጣላ ይታረቃል፤ ለቅሶ ቀረ የተባለ ግን ወሬው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ሽንኩርቱንም ዘንቢሉንም እዚያው ጥላ፣ በትሯን ይዛ ግቢውን አቋረጠች።

ስታንኳኳ በሩ ቶሎ አልተከፈተም፤ አንኳኪ ከጠፋ ስለቆየ የሺመቤት የምን ድምፅ እንደሆነ ግራ ሳይገባት አልቀረም። ከዚያ ተከፈተ።

«አስካለ» አለች የሺመቤት። እንደ ወትሮዋ አስኩዬ አላለችም።

«የሺዬ! ጋሽ ማንደፍሮን! ወይኔ፣ ወይኔ!» አስካለ አቅፋት ልታለቅስ እጇን ዘረጋች። እጇ አየር ያዘ። የሺመቤት ወደ ኋላ ብላለች።

«አሁን ነው የመጣሽው?»

«አሁን መስማቴ ነው! ማርያምን!»

«እሷን አትጥሪብኝ። ሰው ቤቱን አጨልሞ እየተቀመጠ በምን ይሰማል? መጀመሪያ ልጇ ጋ ሄዳ ነው ብዬ ተከራከርኩልሽ እኮ! አስኩ ብትኖር ቀድማኝ ነበር የምታለቅሰው እያልኩ። ከዚያ ያ ማጉያ ምስጉን ቤት ብሎ ስምሽን ጠራ። ለካ ቤትሽ ነሽ! ለምስጋና ብለሽ በጨለማ ተሸሽገሽ፣ እኔ እዚህ ወንድሜን...» አልጨረሰችውም።

«የምን ጨለማ?»

«መስኮትሽ ነዋ! ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ድርግም ያለው!»

«የኔ መስኮት?»

አስካለ የበሩን መቃን ደግፋ ቆመች፤ የምትናገረው ለራሷም አዲስ ነበር። «የሺ፣ የኔ ቤት ይብራ ይጥፋ እኔ በምን አውቃለሁ?»

የሺመቤት «ሂጂና ቤትሽ ቁጭ በዪ» አለቻት፤ ንዴቱ ከድምፅዋ ገና አልወጣም። አስካለ ሄደች። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ማዶ መስኮት ላይ የቆመች ሴት እንደምታያት ታውቃለች፤ ምን እንደምታይ ግን አታውቅም። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ የየሺመቤት እርምጃ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ።

«እናቴ ድረሽ!» አለች የሺመቤት። «በራ። ከማዶ ሳይሽ ድርግም ብሎ ነበር፤ አሁን እግሬን ሳስገባ በራ።»

ወጥታ ተመልሳ ገባች። አሁንም ወጣች። ከዚያ መጥታ ከአስካለ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለች። «እኔ ማዶ ሆኜ ስረግምሽ፣ አንቺ እዚህ በጨለማ...»

«እኔማ ሁልጊዜም በጨለማ ነኝ፤ ለምጄዋለሁ። የጨለመብኝ አንቺ ስትቀሪ ነው» አለች አስካለ። «ለምን አላንኳኳሽም፣ የሺ?»

«የጨለመ በር ይንኳኳል እንዴ?»

«ስልክስ?»

«ሐዘንተኛ ደውላ፣ ነይና አልቅሺልኝ ትበል?»

አስካለ ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። ለጋሽ ማንደፍሮ አለቀሱለት፤ ተቃቅፈው፣ ሙያውን እያነሱ፣ ስሙን እየጠሩ፣ ዘግይቶ የመጣ ለቅሶ እንደሚለቀሰው ከነውዝፉ። ሁለቱም ፊታቸውን ሸፍነው ነበርና ከግቢው ለሚያይ ሰው ቤቱ ባዶ ነው።

በማግሥቱ ተያይዘው ወደ ብርሃን ቁጥጥር ቢሮ ሄዱ። የተቀበለቻቸው ሶስና የምትባል ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ለጉድ ነው፣ ሰው ለማስቀየም የተፈጠረች አትመስልም። ነገሩን ሰምታ፣ መዝገቧን አይታ፣ «ቤትዎ ምንም ብልሽት የለበትም እትዬ» አለች።

«እንደሱ ከሆነ አብሪልኛ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መብራት ለዐይን ነው። ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ለእኔማ ምንም። ላይበት አይደለም ልጄ፤ ልታይበት ነው።»

ሶስና መዝገቧ ውስጥ ፈለገች። ጣቷ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። እንዲህ ያለ ምክንያት ከተፈቀዱት ውስጥ አልተገኘም። «እንግዳ ሲገባ ግን ይበራል እኮ» አለች፣ የምሥራች የምትናገር መስሏት።

«እንግዳው እንዲገባ መብራት ማየት አለበት። መብራቱ እንዲበራ እንግዳው መግባት አለበት። እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ይቅደም?»

ሶስና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። ጥያቄውን ለበላይ እንደምታስተላልፍ ነገረቻቸው። ሊወጡ ሲሉ፣ ከልቧ አዝና፣ «ግን እኮ ምስጉን ቤት ነዎት፤ ያለ ዐይን ከበራ ምስጋናዎ ይነሳል» አለች።

«አንሺው!» አለች አስካለ፤ ከበር የነበረው ሰልፈኛ ሁሉ ዞረ። «ዛሬውኑ አንሺው፣ እኔ አልፈልገውም!»

የሺመቤት እስከ ውጭ ድረስ ሳቋን አፍና ይዛ ደረጃው ላይ ለቀቀችው። ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ግን ቆም ብላ እውነቱን ነገረቻት። «እኔ አመንኩሽ። ሰዉ ግን አያምንም፣ አስኩ። ጠበቃ ሆነችላት ይላል እንጂ ቤቷ የጨለመው እሷ ሳታውቅ ነው የሚል የለም። አሁን አርባው ደርሷል። መጥተሽ ከጎኔ ቁጭ ስትዪ አይተው ዝም ይሉ ይሆናል።»

አስካለ አሰበችበት። ከጎኗ ቁጭ ማለት አልበቃትም። ሰው ይቅር ብሎ አስቀመጣት ነው የሚባለው፤ በዚያ ዐይነት ቦታ ላይ ደግሞ ቀሪ ዘመኗን መቀመጥ አልፈለገችም። «ለአርባው የምጠራው እኔ ነኝ» አለች። «በየበሩ ሄጄ፣ በአፌ። ለቅሶ ቀረች ያለኝ ሰው ሁሉ አርባውን ከኔ ይስማ።»

«ቤቶቹ ይጠሩ የለም እንዴ?»

«ቤቶቹ ናቸው እዚህ ያደረሱን።»

እንግዲህ በሚቀጥለው ከሰዓት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጥሪ ወጡ። ነገሩ ለጎረቤት እንግዳ ነበር። በር ሲንኳኳ ሕፃናት ይደነግጣሉ፤ ትልልቆቹ ከፍተው አስካለን ሲያዩ የሚሉት ይጠፋቸዋል። አንዳንዱ ደረቅ ሰላምታ ሰጣት። አንዷ ሴትዮ «ለቅሶው ሲቀር ለአርባው ተደረሰ?» ብላ በነገር ነካ አደረገቻት። አስካለ ዋጠችው። «አልሰማሁም ነበር፤ ቤቴ ጨልሞብኝ ነው። ይኸው አሁን በእግሬ መጣሁ፤ ለጋሽ ማንደፍሮ አርባ እንዳትቀሩ» አለች፤ በየበሩ ያንኑ ደገመች። አንዳንዱ ፊት ለስለስ ሲል ከድምፁ ታውቀው ነበር።

ሁለተኛው ህንፃ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ሲደርሱ፣ የሺመቤት ክንዷን ሳብ አደረገቻት። «ይሄን እለፊው፤ ከግቢው አይቼዋለሁ፣ ጨለማ ነው።»

አስካለ ግን በሩን በእጇ አግኝታ አንኳኳች።

«አንቺ ሴትዮ! ሰው የለበትም አልኩሽ እኮ። የጋሽ ጥላዬ ቤት ነው፤ ያ አውቶቡስ ነጂ የነበሩት። ወገባቸውን ከተመቱ ወዲህ ልጃቸው ወስዷቸዋል።»

«ማን ነው የነገረሽ?»

የነገራት ሰው አልነበረም።

አስካለ ደግማ አንኳኳች፤ አሁን በቡጢ ነው። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ዝቅ አለ፤ ቀጥሎ ሳል ተሰማ። «ማነው?» አለ የደረቀ ድምፅ። «ሰው ነው ወይስ ማጉያው ነው?»

«ሰው ነን ጋሽ ጥላዬ! አስካለ ነኝ፣ ከየሺመቤት ጋር!»

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ! አልተቆለፈም። ማን ይመጣል ብዬ ልቆልፈው?»

አስካለ የየሺመቤትን ክንድ ሳብ አድርጋ አስገባቻት። ቤቱ የቆየ አልጋና የመድኃኒት ሽታ ይሸታል።

«አሃ፣ በራ!» አሉ ሽማግሌው፣ ደስ ብሏቸው። «እኔ ሬዲዮ ስሰማ ዐይኔን እጨፍናለሁ። ተጋድሜ የማየው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያ ደግሞ ምኑ ይታያል! ቤቱም ተኝተዋል ይለኛል። የልጄ ሚስት ጠዋት ጠዋት ምግብ አድርሳልኝ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ እኔና ሬዲዮው ነን። ሰዉ ሁሉ ምን ነካው እያልኩ ነበር። ቁጭ በሉ እንጂ! ምን እግር ጣላችሁ?»

አስካለ ናት የነገረቻቸው። «ለጋሽ ማንደፍሮ አርባ ልንጠራዎ ነው።»

ሬዲዮው ተዘጋ።

«ማንደፍሮ?» አሉ። «የኔ ማንደፍሮ? ዳማ የሚያጫውተኝ?» ሽማግሌው ለመነሳት ሲታገሉ አልጋው ተንቋቋ፤ አልቻሉም። «እኔ ሳልቀብረው! የሺ፣ ልጄ፣ ለቅሶሽን ቀረሁብሽ እኮ! በምን ፊቴ አይሻለሁ፣ ምን ያህል ታዝበሽኝ ይሆን! ይቅር በዪኝ!»

የሺመቤት አልጋው ሥር ወደቀች። «እኔን ይበሉኝ! እኔን ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ጥላዬ፣ እኔ ነኝ ያላንኳኳሁት!» እያለች እጃቸውን ይዛ ጮኸች፤ ያን ጩኸት ወንድሟ የሞተ ለት እንኳ አልጮኸችውም።

አስካለ ትንሽ ቆማ ሰማቻቸው። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ በሩን ከፍታ ትታው፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን በር አገኘችው። የበራ ይሁን የጨለመ አታውቅም። አንኳኳች።